ለሙሴ ኤልያስ እናት የተተከለው ድንኳን

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው ሲኬድ በስተግራ በኩል ቆርቆሮው የዛገ ምግብ ቤት ነበር። በሩ ላይ ስም አልተጻፈበትም፤ የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ግን «ኡሙሀኒ ጋ እንገናኝ» ከተባባሉ ሌላ ምልክት አያስፈልጋቸውም። ከፊት መመገቢያው ነው፤ ከጓሮ ደግሞ ሙቀቱ እንዲበርድ በየቀኑ ወለላቸው ላይ ውኃ የሚረጭባቸው የአልጋ ክፍሎች አሉ። የኔ ቤት ከዚያ ጓሮ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰን ነበር። ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜውን መንገድ ላይ ነው፤ እኔም ሥራዬን ስጨርስ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኬ እሷ ዘንድ ነው የምውለው። አሁን ልጄ ዘንድ የምኖርባት ሰመራ ያኔ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበረች። ከተማ የምንለው አዋሽን ነው።

እትዬ ኡሙሀኒ የተወለደችው ወሎ፣ ባቲ አካባቢ ነው። ነጋዴ ባሏን ተከትላ ቆላ ወረደች፤ ባሏ በወባ ሞተ፤ ልጅ አልነበራቸውም፤ እሷም ምግብ ቤቱን ይዛ ቀረች። አጭርና ደልደል ያለች፣ ቀን ሙሉ ቆማ የምትውል፣ ሰው የቆረሰውን እንጀራ አይታ ርቦት ይሁን አይሁን የምታውቅ ሴት ነበረች። ጨው የበዛበት ወጥ አይወጣትም፤ ግን ወጡን ሌላ ሰው ከነካባት ጨው ባይበዛበትም በዝቶበታል ትላለች።

አንድ ነገር አትችልም፤ ሰው ብቻውን ሲያዝን ማየት። አቀርቅሮ የሚበላ ሾፌር ካየች ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጥና «ማን ሞተብህ?» ትለዋለች። ማንም እንዳልሞተበት ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። አንዴ ጥርሱን ያመመው የቦቴ ሾፌር ጉንጩን ይዞ ቢገባ አብራው አለቀሰች፤ ሰውዬው አፉን መክፈት ስላልቻለ ነገሩን ሊያስረዳት አልቻለም፤ መጨረሻ ላይ እሱም አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ የሚያውቋት ሾፌሮች ደጃፏ ሲደርሱ ፈገግ እያሉ ነው የሚገቡት።

በዚህ ጠባይዋ ምክንያት የሰፈራችን እድር ያለ እሷ አይሆንም ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የራሱን ሰው በራሱ ሥርዓት ይቀብራል እንጂ ድንኳኑ፣ አግዳሚውና ትልልቁ ድስት የጋራችን ነው። ድስቶቹ የሚቀመጡት እሷ ጓዳ ነው። ለቅሶ ሲኖር ቀድማ ደርሳ እሳት የምታነደው፣ መጨረሻ ላይ አመዱን ጠርጋ የምትወጣውም እሷ ናት። ይህን ሁሉ የምታደርገው ለጽድቅ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ ነግራኛለች፤ ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ፣ ብሞት ማዘጋጃ ቤት እንደ መንገደኛ አፈር እንዳያለብሰኝ ነው የምፈራው፤ እድሬ ነው ዘመዴ፣ አለችኝ። ሽንኩርቱ ይሁን ነገሩ እንጃ፣ ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ይባሉ ነበር። ጡረታ የወጡ የባቡር ጸሐፊ ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ከነቁልፉ ነው የሚለብሱት። ደንብ የሚያላሉ ሰው አይደሉም። በተለይ ደሴ የሚባል ሥጋ ሻጭ ለአንዲት አክስቱ ሁለት ጊዜ ለቅሶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሐሰተኛ ሞት ይዞ የመጣ ሰው ከነቤተሰቡ ከእድር ይሰረዛል የሚል ደንብ አወጡ። ደሴን ያን ዕለት አስወጡት። የአክስቱ ነገር ግን እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው፤ በመጀመሪያው ለቅሶ ላይ ራሷ መጥታ ነበር የሚሉ አሉ።

በ1975 ዓ.ም. የጥጥ እርሻው የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ተበላሹና እነሱን የሚጠግን አንድ የውጭ አገር ሰው መጣ። እርሻው ሰፈር ውስጥ ቤት ቢሰጡትም ባቡር የሚያልፍበት ከተማ ውስጥ መኖር እወዳለሁ ብሎ እትዬ ኡሙሀኒ ጋ ክፍል ያዘ። ስሙ ኤልያስ ነው። ክርስቲያኖቹ ኤልያስ፣ ሙስሊሞቹ ኢልያስ እያልን ሁላችንም የራሳችን አደረግነው። መልኩም ቢሆን እንደኛ ጠይም ነው፤ ከሰሜን የመጣ መምህር ነው ቢሉን እናምን ነበር። የውጭ አገር ሰውን ሁሉ «ሙሴ» እንደሚለው የባቡር ሰፈር ልማድ «ሙሴ ኤልያስ» ተብሎ ቀረ።

አገሩ ሜክሲኮ ነው። ይህን ለማስረዳት የደከመውን ድካም ሞተሮቹን ለመጠገን አልደከመም። ከጥቂት ዓመት በፊት ኩባዎች በባቡር እየተጫኑ ወደ ምሥራቅ ሲያልፉ ያየ ሁሉ፣ ያን ቋንቋ የሚናገር ሰው ኩባ ብቻ ይመስለዋል። ሕፃናቱ «ኩባ! ኩባ!» እያሉ ይከተሉታል። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ደግሞ ሜክሲኮ ሲላቸው ደስ አላቸውና፣ ሜክሲኮማ አውቀዋለሁ፣ ከዋቢ ሸበሌ ሆቴል በታች ነው በላይ? ብለው ጠየቁት። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው አፍረው፣ ሜክሲኮ በጣሊያን ጊዜ ከኛ ጋር የቆመ አገር ስለሆነ ነው አደባባዩ በስሙ የተጠራው እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ማስተማር ጀመሩ።

ከእትዬ ኡሙሀኒ ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተጣሉት። ቃሪያ አቀረበችለት፤ እንደ ካሮት ቆረጠመውና ይህ የኔ አገር ነው፣ ከእኛ ዘንድ ነው በመርከብ የወጣው አላት። በቆሎውንም የኔ ነው፣ ቲማቲሙንም የኔ ነው አለ። «መንበሬ፣ ይሄ ሰውዬ ኪራይ ሊከፍለኝ አልመጣም፤ ጓዳዬን ሊረከበኝ ነው የመጣ» አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ በቆሎ በአመድ ውኃ ቀቅሎ፣ ልጦ፣ ፈጭቶ፣ እንደ መዳፍ ስስ የሆነ ቂጣ ጋገረ። እትዬ ኡሙሀኒ በጥርሷ ጫፍ ቀመሰችና ጥርስ ለምታወጣ ሕፃን ጥሩ ነው ብላ ፈረደች። ግን አመዱን ለምን እንደጨመረው ደጋግማ ጠየቀችው፤ እሱም ደጋግሞ አሳያት። በዚሁ ታረቁ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው ነገሩ የመጣው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሙሴ ኤልያስ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልህ ተብሎ ከባቡር ጣቢያው ተጠራ። ነፋስ ነበር፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። እትዬ ኡሙሀኒ ቁርስ ብላ ብትለው እምቢ አለና ዋዜማውን የጋገረውን ቂጣ፣ ባቄላና ቃሪያ በሳህን ይዞ ክፍሉ ገባ። ቆየት ብላ የመታጠቢያ ውኃ ይዛለት ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አየች። ውኃውን እዚያው አስቀምጣ ወደ አጥሩ መጣች። ሽንቁሩ እሷን ስለማያስገባ ጭንቅላቷን ብቻ አሾለከች።

«ሰውዬው እናቱ ሞታበታለች» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ፎቶዋን አውጥቶ ሻማ አብርቶላታል። የሚበላውን ፊቷ አስቀምጦ ያየዋል። መርዶው በስልክ መጣለት፤ ለማንም አልተነፈሰም። ብቻውን ሊያለቅስ!»

ሄጄ እኔም በበሩ ክፍተት አየሁ። ልብሱን የሚያስቀምጥባት ትንሽ ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሳለች። በላይዋ ጸጉሯን ለሁለት ጎንጉና ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ፎቶ አለ፤ አሮጌ ነው፣ ጥጉ ተቀዷል። ሁለት ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ በትንሽ ስኒ ጨው፣ ሳህኑ ከነቂጣው። ከእርሻው የቆረጣቸው ቢጫ የጥጥ አበቦች በቆርቆሮ ተሞልተዋል። እኛ አገር የሰው ፎቶና ሻማ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከታዩ ሌላ ምን ይባላል? እኔም ሞታበታለች ብዬ ተመለስኩ።

እትዬ ኡሙሀኒ ለማረጋገጥ ገብታ፣ እናትህ ናት? ብላ ጠየቀችው። ሙሴ ኤልያስ ፊቱ በራ። አማርኛውን ከእርሻው ሠራተኞች ስለለቃቀመው ወንድና ሴት አይለይም።

«እናቴ ነው። ዛሬ ይመጣል» አላት። «መንገድ ሩቅ ነው። ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል።»

በድኗ በባቡር እየመጣ ነው ማለት ነው። እትዬ ኡሙሀኒ ሻሿን አስተካክላ በቀጥታ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ሬሳ በዚህ ሙቀት ሳይውል ሳያድር ተቀባይ ያስፈልገዋል፣ ድንኳኑን አሁኑኑ አለቻቸው። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ቁርሳቸውን አቋርጠው ኮታቸውን ለበሱና፣ አዝናለሁ፣ ሰውየው የእድር አባል አይደለም፤ ድንኳን የሚተከለው ለአባልና ለአባል እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህትና አክስት ነው አሉ። ቤቴ ነው የሚያድረው አለቻቸው። ተከራይ ዘመድ አይደለም አሏት።

እትዬ ኡሙሀኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«የኔ እናት ወሎ ላይ በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ሞታለች። እድሩ ለሷ ድንኳን አልተከለላትም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የሷን ድንኳን ዛሬ ስጡኝ። ለሙሴ ኤልያስ እናት ይሁንልኝ።»

ጋሽ ወልደ ኢየሱስ የሟች ድንኳን ይዛወራል የሚል ደንብ እንደሌለ ተናገሩ። አይዛወርም የሚልም የለም አለቻቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ ተስማሙ፤ ግን ጣታቸውን አንሥተው፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ ሞቱ ሐሰት የሆነ እንደሆነ እንደ ደሴ ነው የምትወጪው አሏት። «ሬሳ በባቡር እየመጣ ምን ሐሰት አለው?» አለችና ድስቶቹን ልታወጣ ሮጠች።

ጡሩንባ ተነፋ። ድንኳኑ እትዬ ኡሙሀኒ ደጃፍ ተተከለ፤ ሙስሊሞቹ በቀኝ፣ ክርስቲያኖቹ በግራ አግዳሚ ያዙ። ሙሴ ኤልያስ ጩኸቱን ሰምቶ ሲወጣ ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ኋላ እንደነገረን፣ ስለዚያ ቀን የአዋሽ ሰው የሚያውቅ አልመሰለውም ነበር፤ ሁሉም የራሱን ሙታን ሊቀበል የወጣ መሰለው። በደስታ አለቀሰ። እየዞረ እጃችንን ጨበጠ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ! እናቴ ደስ ይለዋል!» አለን፣ ከረሜላ አደለን። ከረሜላውን ይዘን ተያየን። እትዬ ኡሙሀኒ ሐዘን ነው ናላውን ያዞረው፣ አትዩት፣ አለችን። አልቃሿ ውባየሁ ሙሾ ስትጀምር እሱ በጭብጨባ አጀባት። ውባየሁ በሥራዋ ላይ ተጨብጭቦላት ስለማያውቅ ሳትፈልግ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

እኩለ ቀን ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አምባዬ ሁለት ታጣቂ አስከትለው መጡ። ያለ ፈቃድ ሰው መሰብሰቡ አስቆጥቷቸው ነበር፤ የኩባው እናት ናት ሲባሉ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ወዲያው አግዳሚ ላይ ቆመው፣ ልጇን ለዓለም ሰፊ ሕዝብ ትግል ስላበረከተችው ጀግና የኩባ እናት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ሙሴ ኤልያስ እጁን አውጥቶ በትሕትና «ሜክሲኮ» አላቸው። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው፣ ጓድ፣ ለዛሬ ኩባ ይሁንልን፣ ለአውራጃው እንደዚያ ብዬ ልኬአለሁ አሉት።

የባቡሩ ሰዓት ሲደርስ እድሩ ቃሬዛ ይዞ ወደ ጣቢያው ወጣ። ሙሴ ኤልያስን ሁለት ሰው በብብቱ ደግፈው ወሰዱት፤ እሱም ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባው በደስታ ሄደ። የመንገደኛዋ ባቡር ሊቶሪናዋ ቆመች። ከዕቃ ክፍሉ አንድ ረጅም የጣውላ ሳጥን ወረደ፤ በላዩ ላይ የሙሴ ኤልያስ ስም በጥቁር ቀለም ተጽፏል። እትዬ ኡሙሀኒ ሳጥኑን እንዳየች መሬት ወደቀች። ሙሴ ኤልያስ ግን እየሮጠ ሄዶ ሳጥኑን አቀፈው። «መጣ! የኔ ነው! ቀስ! ቀስ!» ይላል። በዚህን ጊዜ ያላለቀሰ አልነበረም፤ የጣቢያው ጥበቃ እንኳ ቆቡን አወለቀ። ስምንት ጎረምሶች ሳጥኑን ተሸከሙት። በጣም ከባድ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ወይዘሮዋ በሕይወት ሳሉ ደልዳላ ሳይሆኑ አልቀሩም ብሎ ሹክ ሲል ሰምቻለሁ። ውባየሁ ከፊት ሆና አወረደችው፦

ባሕር አቋርጣ መጣች ልጇን ልትጠይቀው፣
ሳጥን ውስጥ ተኝታ እንዴት ብላ ታውቀው።

ሙሴ ኤልያስ ከኋላ እየተከተለ ተሸካሚዎቹን ሁሉ ያመሰግናል። እንዲህ የሚተባበር ሕዝብ አይቼ አላውቅም ይለናል።

ሳጥኑ ድንኳኑ መካከል አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጋቢ ለበሰ። የሚቀበርበትን መነጋገር ተጀመረ። በፎቶው አንገቷ ላይ መስቀል ስለሚታይ ክርስቲያኖቹ የኛ ናት አሉ። ሙስሊሞቹ አልተከራከሩም፤ መቃብሩን በመቆፈር ግን እንደሚያግዙ ተናገሩ።

እንዲህ እያልን ሳለ ሙሐመድሰዒድ ገባ። ሙሐመድሰዒድ አልፎ አልፎ ፍየል ይዞ ከገጠር የሚመጣ የአፋር ሽማግሌ ነው። ጊሌ የሚባለውን ጩቤውን በወገቡ ታጥቆ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ እትዬ ኡሙሀኒ ሐዘን ላይ ናት የሚል ወሬ መንገድ ላይ ደርሶት ነው የመጣው። አፋሮች እኛ እንደምናደርገው በሩ ላይ አይጮኹም። ሁለት አፋር ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው የሚናገረው። ያልተጣራ ወሬ ይዞ የሄደ ሰው ይዋረዳል። ስለዚህ ሙሐመድሰዒድ ሙሴ ኤልያስ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠና ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሰው ያልጠየቀውን ጠየቀው።

«እናትህ ምን አመማት?»

ሙሴ ኤልያስ ደረቱን እያሳየ ሳል መሆኑን ነገረው።

«መቼ ሞተች?»

«ድሮ። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ።»

ውባየሁ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«ማን ቀበራት?»

«አባቴ። አገሬ።»

ሙሐመድሰዒድ በዱላው ጫፍ ጋቢ የለበሰውን ሳጥን ነካ አደረገ። «እዚህ ውስጥ ያለው ማነው?»

«ፓምፕ» አለ ሙሴ ኤልያስ።

ሽማግሌው የሰማውን ደግሞ ማረጋገጥ ነበረበት፤ ዳጉ እንዲያ ነው። ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «የዚህ ሰው እናት ድሮ ሞታለች። አባቱ አገሩ ቀብሯታል። ሳጥኑ ውስጥ የውኃ መሳቢያ አለ። እናንተ ለውኃ መሳቢያው ታለቅሳላችሁ። እንዲህ ነው?»



ሙሴ ኤልያስ የሆነውን የተረዳው ያኔ ነው። ቀዩ ዓይኑ ፈጦ ዞሮ ዞሮ አየንና በዚያች አማርኛው ያስረዳን ጀመር። አገሩ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ሙታን ወደ ቤታቸው ይመጣሉ ይባላል። መንገድ እንዳይጠፋቸው መብራት፣ ጠምቷቸው ስለሚደርሱ ውኃ፣ የሚወዱት ምግብ ይቀመጥላቸዋል። ሰው ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ከረሜላ ይበላል። እናቱ ቂጣና ቃሪያ ትወድ ነበር። የጠዋቱ ስልክም ፓምፑ ተጭኗል የሚል ነበር። ያው ነው።

ክርስቲያኖቹ እንደ ተዝካር መሆኑ ነው ተባባሉ። ከሙስሊሞቹ ወገን ጨርቅ ነጋዴው ከድሩ፣ ሙት አይበላም፣ ግን እንግዳ ነው አትቆጡት አለ። ጓድ አምባዬ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ጉዳዩ ለአውራጃ ስለተላለፈ ለቅሶው በምንም ዓይነት እንደማይሰረዝ አስታወቁ። ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ከድንኳኑ ወጣ፤ ውጭ ሆኖ ሲስቅ እስከ ውስጥ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ወልደ ኢየሱስ አልሳቁም። ተነሥተው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ሐሰተኛ ሞት እድሩ ውስጥ ገብቷል አሉ። ለደሴ የሠራው ደንብ ለማንም ይሠራል አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። እትዬ ኡሙሀኒን አላዩዋትም፤ ጣሪያውን ነበር የሚያዩት።

እትዬ ኡሙሀኒ አልተከራከረችም። እዚያው ድስቱ አጠገብ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ማዘጋጃ ቤቱ አሁኑኑ መጥቶ የሚወስዳት ይመስል ነበር። እኔ እንዲህ ባለ ቦታ አፌን የምከፍት ሰው አይደለሁም፤ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

ሙሐመድሰዒድ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። «ተቀመጥ» አላቸው ጋሽ ወልደ ኢየሱስን፤ እሱ ለማንም «አንተ» ነው የሚለው፤ ሊቀመንበሩንም ጭምር። «ገና አልጨረስኩም። እኔ መንገድ ላይ የሰማሁት ኡሙሀኒ ሐዘን ላይ ናት የሚል ነው። ድንኳኑን ማን ጠየቀ?»

ኡሙሀኒ ናት አሉት።

«በማን ሞት?»

ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በእናቷ ብላ ነው የጠየቀችው አሉ። እሳቸው ውሸት አይሆንላቸውም።

ሽማግሌው ወደ እትዬ ኡሙሀኒ ዞረ። «ነይ ተቀመጪ። እናትሽን ምን አመማት?»

እትዬ ኡሙሀኒ ማማሰያውን ለኔ ሰጥታ ተቀመጠች። በዝግታ ነገረችው። አላመማትም፤ ራብ ነው። ዘይነብ ትባላለች። ከመንደራቸው ወደ ባቲ ገበያ ስትሄድ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ አልተነሣችም። የማታውቃቸው መንገደኞች ቀበሯት። አንድ ጨው ነጋዴ አይቶ ለሾፌር ነገረው፤ ሾፌሩ ለሷ ነገራት። ሲነግራት የምሳ ሰዓት ነበር፤ ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ የያዘችውን ሳህን አድርሳ ሌላውን ልታመጣ ተመለሰች። ለእድሩ ያልነገረችው፣ ያን ጊዜ እድሩ ውስጥ ያለ ወሎዬ ሁሉ ሰው ሞቶበት ስለነበር ነው። «ለማን ተብሎ ድንኳን ይተከላል? አገር ሙሉ ነበር የሞተ» አለችው።

ሙሐመድሰዒድ አንድም ሳያጎድል ደገመው። ዘይነብ፣ ራብ፣ ባቲ መንገድ፣ ዛፍ፣ መንገደኞች፣ ጨው ነጋዴ፣ ሾፌር፣ ሳህን። ስትነግረው አላለቀሰችም ነበር፤ እሱ ሲደግመው ግን ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ይህ እውነት ነው» አለ ሽማግሌው። «ይህን ይዤ እሄዳለሁ። ያኛውን አልይዘውም፤ ሚሌ ላይ ቢሰሙት ይስቁብኛል።»

ጋሽ ወልደ ኢየሱስ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ሞቱ እውነት ከሆነ፣ የአባል እናት ከሆነች፣ ድንኳኑም በስሟ ከተጠየቀ፣ ደንቡ አልተጣሰም፤ ይህን ለራሳቸው እንደሚያነብቡ ሆነው በቀስታ ተናገሩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው እትዬ ኡሙሀኒ ፊት ጎንበስ አሉና፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ዘግይተናል አሏት። ከድሩና ሌሎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ውባየሁ ለመሳቢያው ያወጣችውን ግጥም ትታ አዲስ ጀመረች። ሙሴ ኤልያስ ጋቢውን ከሳጥኑ ላይ ገፍፎ እትዬ ኡሙሀኒ ትከሻ ላይ ጣለላትና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የመጣ ለቀስተኛ እሱን ልጇ መስሎት እጁን እየያዘ አላህ ያጽናህ ይለው ነበር፤ እሱም አሜን ይላል።

ሙሐመድሰዒድ ወሬውን ይዞ ሄደ። ያንን ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ፣ ከሚሌ፣ ከአፋምቦም ሳይቀር ሰው መጣ። የነዳጅ መኪና አቁሞ የሚገባ ሾፌር አለ፤ ፍየል ጎትቶ የሚደርስ አፋር አለ። ሁሉም ዘይነብን በስሟ ነው የሚያነሡት።

ችግሩ እትዬ ኡሙሀኒ ሐዘንተኛ መሆን አለማወቋ ነው። ሰው ሲያስተዛዝናት አንገቷን ሰግጋ ወደ ጓዳ ታያለች። እኔና ሌሎቹ ሴቶች ድስቷን ይዘን እናማስላለን፤ እሷ ከድንኳኑ ውስጥ እንባዋን እየጠረገች ጨው ስንት እንደጨመርን ታስጠይቀናለች። አንዴ ለለቅሶ የመጣ ሾፌር ትከሻዋን አቅፎ እያለ፣ ወጡ ሊያር ነው ብላ ብድግ አለች።

ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ክንዷን ይዘው መልሰው አስቀመጧት።

«ሐዘንተኛዋ ዛሬ አንቺ ነሽ» አሏት። «አርፈሽ አልቅሺ።»

ተቀመጠች። ትንሽ ወደ ጓዳ አየች። ከዚያ አለቀሰች።